የአባቴን ካሜራ ትቼ ሌላ ልግዛ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከባለቤቴ ጋር አብረን እናነባለን። የዛሬውን ግን የምጽፍልዎ እሱን ሳላማክር ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1973 ዓ.ም. ለትምህርት ኦዴሳ ሄዶ ነበር። ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ ዜኒት ኢ ካሜራ ገዛ። ካሜራው ላይ የሞስኮ ኦሊምፒክ ምልክት አለበት። የእኛ የልጅነት ፎቶ በሙሉ የተነሳው በእሱ ነው። አባቴ ሲያርፍ እናቴ ለእኔ ሰጠችኝ።

ልጄ ስትወለድ “እኔም በዚሁ ነው የማነሳት” አልኩ። የክርስትናዋ ዕለት አንድ ፊልም ሙሉ አነሳሁ። ታጥቦ ሲመጣ አብዛኛው ፎቶ ግማሽ ጎኑ ጠቁሯል። የቀረው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጠጋኝ ሳሳየው “የሸተሩ ጨርቅ አርጅቷል፤ ማሳደሱ ከካሜራው ዋጋ ይበልጥብሻል” አለኝ።

አሁን በየቀኑ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው፣ ጠንካራና የማያስቸግር የፊልም ካሜራ እፈልጋለሁ። 350 ዶላር አስቀምጫለሁ። ወንድሜ “ዜኒቱን ሽጪና ጨምረሽ ኮንታክስ ቲ2 ግዢ” ይለኛል። ባለቤቴ “ስልክሽ ምን ሆነ?” ይላል። ከሁሉም የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። በስልክ ሳማክራት “የአባትሽ እያለ ሌላ?” አለችና ዝም አለች። ለጥምቀት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እናቴ የልጅ ልጇን ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። የቱን ልግዛ? ደግሞስ መግዛቴ ልክ ነው?

ር. ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣

በቅድሚያ ስለ ክርስትናው ፎቶ በጣም አዝኛለሁ። ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም፤ ማልቀስሽም ተገቢ ነው። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም። ዜኒት ኢ ከፊልሙ ፊት የሚያልፉ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሉት፤ ሸተር የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። በዓመታት ብዛት ዘይቱ ሲደርቅ የመጀመሪያው መጋረጃ ይንቀረፈፍና ሁለተኛው ይደርስበታል። ያን ጊዜ የፎቶው አንድ ጎን ብርሃን ሳያገኝ ይቀራል። ጨርቁ ሲሰነጣጠቅ ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል። ነጩ ነጠብጣብ የመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ካሜራ የትኛውም ባለሙያ ቢያነሳ ውጤቱ ያው ነበር።

ኔጋቲቩን እንዳትጥዪው። የጠቆረው ጎን አይመለስም። ነጠብጣቡን ግን ጥሩ ፎቶ ቤት ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ሊያጠፋልሽ ይችላል። የልጅሽ ፊት የሚታይባቸውን ሦስት አራቱን ምረጪና ስጫቸው። ግማሽ ፎቶም ቢሆን የክርስትናዋ ፎቶ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ዜኒቱን ስታነሺ የምትፈልጊው ፎቶውን ነው ወይስ አባትሽን? ሁለቱንም ቢሆን ምንም ነውር የለውም። ግን በየቀኑ የሚያዝ ካሜራ ይወድቃል፣ ዝናብ ያገኘዋል፣ ልጅ ጭማቂ ትደፋበታለች። እንዲህ የሆነ ዕለት ልብሽ የማይሰበርበት ካሜራ ነው የሚያስፈልግሽ። የአባትሽን ካሜራ እንደዚያ ልትይዢው ትችያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አትችዪም። በዚያ ላይ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የልጅ ዕቃ ከተሸከመች እናት ቦርሳ ውስጥ በየቀኑ የሚገባ አይደለም።

ስለዚህ አዎ፣ ሌላ ግዢ። ዜኒቱን ግን አትሽጪው። የወንድምሽ ሐሳብ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሒሳቡ ግን አያስኬድም። ዜኒት ኢ በሚሊዮኖች የተመረተ ካሜራ ስለሆነ ገበያ ላይ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ለአንቺ ያለው ዋጋ ደግሞ በገንዘብ አይተመንም። ያ ምልክት እኮ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣበት የሞስኮ ኦሊምፒክ ምልክት ነው። አባትሽ እዚያ አገር የደረሱት ከዚያ ድል ብዙም ሳይቆይ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያን ካሜራ መደርደሪያ ላይ ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብደኝም።

ኮንታክስ ቲ2 ቆንጆ ካሜራ ነው፤ ሌንሱም ግሩም ነው። ግን ውስጡ በሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ነው። አምራቹ ኪዮሴራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከካሜራ ሥራ ወጥቷል፤ መለዋወጫ የሚያመርት የለም። አንድ ቀን ቀጥ ካለ ያንን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ነው የሚቀረው። ደግሞ ካንቺ 350 ዶላር በጣም ይርቃል። ለ“በየቀኑ” እና ለ“ጠንካራ” አልመርጠውም።

የኔ ምርጫ ፔንታክስ ኬ1000 ነው። ምክንያቴን ላስረዳሽ፤ የመጨረሻው ምክንያት በተለይ ላንቺ ነው።

ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ድረስ ብዙም ሳይለወጥ ተመርቷል። ለብዙ ዓመታት የፎቶ ትምህርት ቤቶች ለጀማሪ ተማሪ “ይህን ይዘህ ና” ሲሉ የኖሩት እሱን ነው። ሸተሩ የሚሠራው በሞላና በጥርስ ነው። ባትሪ የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ እሱም የሰዓት ድንጋይ የምትመስል አንዲት ክብ ባትሪ ናት፣ ኤልአር44 ትባላለች። የትም ትገኛለች። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ካሜራው ማንሳቱን አያቆምም። በመስኮቱ ስታዪ በቀኝ በኩል አንዲት መርፌ አለች። መርፌዋ መሐል ላይ ስትሆን ብርሃኑ ልክ ነው ማለት ነው። ሌላ ቁልፍ፣ ሌላ መብራት የለውም። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በይ፤ መለኪያው ማጥፊያ የለውም። አንስተሽ ስትጨርሺ የሌንሱን ክዳን ካልገጠምሽ ባትሪው ሳታውቂው ያልቃል።

አሁን ላንቺ ወደሆነው ምክንያት ልምጣ። ጠጋኙ የነገረሽ ሸተሩ ማርጀቱን ነው። ስለ ሌንሱ ምንም አላለሽም። በዚያ ዜኒት ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው 58 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ፊቱ ላይ የተጻፈውን እይው። ይህ ሌንስ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው፤ ጥምዝምዙ ኤም42 ይባላል። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በኤም42 ካሜራዎችና በኬ1000 ላይ እኩል ነው። ስለዚህ እንደ ጣት ቀለበት የቀጠነች አንዲት ማገናኛ ብቻ ታስገቢና የአባትሽን ሌንስ ፔንታክሱ ላይ ትገጥሚዋለሽ። ቅርቡም ሩቁም ፎከስ ያደርጋል። ልጅሽን የምታነሺው እናንተ የተነሳችሁበት ያው ብርጭቆ ነው።

ማገናኛዋን ስትገዢ ተጠንቀቂ። ሁለት ዓይነት አለች። ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብታ ከካሜራው ፊት እኩል የምትቀመጠዋን ነው የምትፈልጊው። ጠርዝ ኖሯት ወደ ውጭ የምትወጣዋ ሌንሱን ከቦታው ስለምታርቀው ሩቁን ፎከስ ማድረግ አትችይም። ፔንታክስ ራሱ የሠራት ከሁሉም የተሻለች ናት፤ ከ50 ዶላር በታች ታገኛለሽ።

“ለምን ኒኮን አልመረጥክልኝም?” እንደምትዪ ይገባኛል። ኒኮን ኤፍኤም ከኬ1000 የማያንስ፣ እንዲያውም በጥንካሬ የሚበልጥ ካሜራ ነው። ሸተሩ ብረት ነው። የአባትሽ ሌንስ ጉዳይ ባይኖር እሱን እልሽ ነበር። ግን በኒኮን ላይ ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በአንድ ሚሊሜትር ያህል ይበልጣል። ለዓይን ምንም የማይመስለው ያቺ አንድ ሚሊሜትር ሄሊዮሱን ሩቅ እንዳያይ ታደርገዋለች። ኦሊምፐስ ኦኤም-1 ቀላልና ትንሽ ነው፤ ለቦርሳ እንደሱ የሚስማማ የለም። መለኪያው የተሠራው ግን ዛሬ ለማይሸጥ የሜርኩሪ ባትሪ ስለሆነ መላ መፈለግ ይጠይቅሻል። ካኖን ኤኢ-1 ደግሞ ባትሪው ሲያልቅ ሸተሩም አብሮ ይቆማል። ሦስቱንም መጥፎ ለማለት አይደለም። ላንቺ ኑሮ ግን ኬ1000 ይቀድማል።

ስትገዢ ዋጋ ብቻ አይተሽ አትግዢ። የኬ1000ም መጋረጃ ጨርቅ ነው፤ ሳይታደስ ከኖረ የዜኒቱ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ጽዳትና ማስተካከል የተደረገለትን፣ ቢያንስ የጥቂት ወራት ዋስትና ከሚሰጥ ያገለገለ ካሜራ ሻጭ ውሰጂ። ከ50 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ከ150 እስከ 250 ዶላር ድረስ ደህና ነገር ታገኛለሽ። የሚቻል ከሆነ ሄደሽ በእጅሽ ያዢው። የጀርባውን ክዳን ክፈቺና ሸተሩን 1,000 (የሰከንድ አንድ ሺኛ ማለት ነው) ላይ አድርገሽ፣ ወደ ብሩህ ግድግዳ አዙረሽ በውስጡ እያየሽ ተኩሺ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት። አንድ ጎን ከጠቆረ መልሽላቸው። ከዚያ አንድ ሰከንድ ላይ አድርጊውና አዳምጪ፤ መሐል ላይ ከተንጠለጠለ ወይም ካልዘጋ ዘይት ይፈልጋል። ሌንሱን ደግሞ በስልክሽ መብራት ከኋላ አብሪበት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው። የአባትሽንም ሌንስ እንዲሁ እይው፤ ሻጋታ ካለበት ከመግጠምሽ በፊት አጽጂው። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ የሚጣበቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ አትደንግጪ። መለወጡ ብዙ አያስወጣም፤ ግን ሻጩ እንዲለውጠው ጠይቂ።

ባለቤትሽ “ስልክሽ ምን ሆነ?” ማለቱ ስህተት አይደለም። ምናልባት የሚያሳስበው ገንዘቡ ይሆናል። ከሆነ ቁጥሩን አብራችሁ እዩት። አንድ ባለ 36 የቀለም ፊልም ወደ 10 ዶላር ነው። አሳጥቦ ስካን ማስደረጉ ወደ 15 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ስትጫኚ ወደ 70 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። “በወር አንድ ፊልም፣ ከዚያ አይበልጥም” ብትዪው ንግግሩ ይቀላል። የዕለት ተዕለቱን በስልክ አንሺ፤ ስልክ ለዚያ ጥሩ ነው። ከ350ው ላይ ለካሜራው ሁሉን አትጨርሺ፤ ቢያንስ ለሦስት ፊልም የሚሆን ይቅር።

ከገንዘቡ ሌላ ግን ባለቤትሽን የምትፈልጊበት ትልቅ ምክንያት አለ። እስኪ አልበሙን አስታውሺ። ከልጅነት ፎቶዎቻችሁ ስንቱ ላይ አባትሽ አሉ? ካሜራ የሚይዝ ሰው ፎቶ ውስጥ አይገባም። ልጅሽ አድጋ አልበሟን ስትገልጥ አንቺን ማየት አለባት። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፊልም ግማሹን ባለቤትሽ ያንሳ። መርፌዋን መሐል አድርጎ መጫን ብቻ ነው፤ ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለምደዋል። አንቺ ብቻሽን የወሰንሽው ነገር መሆኑ ቀርቶ የቤታችሁ ካሜራ ይሆናል። ይህን ደብዳቤም ብታሳዪው ደስ ይለኛል።

እናትሽ “የአባትሽ እያለ ሌላ?” ያሉት ምናልባት የአባትሽ ነገር ተረሳ ብለው ፈርተው ይሆናል። በስልክ ልታስረጃቸው አትሞክሪ። ስለ ማገናኛ ቀለበትና ስለ ሚሊሜትር በስልክ ተነግሮ ማንም አይጽናናም። ይልቅ ሌንሱን ይዘሽላቸው ሂጂ። ፊታቸው አውጥተሽ ግጠሚው፤ በመስኮቱም ራሳቸው ይዩበት። ከዚያ አልበሙን አውጡና እያንዳንዱ ፎቶ የት እንደተነሳ፣ አባትሽ ያን ዕለት ምን እንዳሉ እንዲያጫውቱሽ ጠይቂ። በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂ። ያን ካደረግሽ በኋላ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው በዚያው ሌንስ አንሻቸው።

በሄሊዮሱ ስታነሺ አሠራሩ ትንሽ ይለያል። ሁለት ቀለበት አለው። በአንደኛው የብርሃን መግቢያውን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር ትመርጫለሽ (ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል)፣ በሁለተኛው ሌንሱን ትከፍቻለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ከፍተሽ ፎከስ አድርጊ፣ ከዚያ ዝጊ፣ መርፌዋን እይ፣ ተጫኚ። ዝግ ያለ ሥራ ነው። ቡና አፍልተው ለተቀመጡ እናት ይመቻል፤ ለምትሮጥ ሕፃን አይመችም። ለልጅሽ ከካሜራው ጋር የመጣውን 50 ሚሊሜትር ተጠቀሚ። ቤት ውስጥ ከሆነ 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲጨምር ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ይሠራል) አስገቢበት፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጫቸው። ቅጠል ያለበት ግቢ ውስጥ ሌንሱን 2 ላይ ከፍተሽ ብታነሻቸው ደግሞ ከጀርባ ያለው ቅጠል የሚሽከረከር ይመስላል። ሰዎች ዛሬ ይህን ሌንስ ፈልገው የሚገዙት ለዚሁ ነው።

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ከሄድሽ ነጩ ልብስ መለኪያሽን እንዳያታልልሽ። ኬ1000 በመስኮቱ የሚታየውን ሁሉ አማካይ ነው የሚወስደው። ከፊትሽ ያለው ሁሉ ነጠላና ቀሚስ ከሆነ “ብርሃን በዝቷል” ይልሻል። እሱን አምነሽ ብትቀንሺ የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። መላው ቀላል ነው። ወደ አንድ ሰው ጠጋ ብለሽ መርፌዋን በፊቱ ላይ አስተካክይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ በዚያው አንሺ። ካልተመቸሽ መርፌዋ ካለችው አንድ ደረጃ ብርሃን ጨምሪ። የቀለም ፊልም ብርሃን ሲበዛ ይችላል፤ ሲያንስ ነው የሚጎዳው። ባትሪው ድንገት ቢያልቅ ደግሞ በጠራ ፀሐይ በ200 ፊልም ሸተሩን 250፣ ሌንሱን 16 ላይ አድርጊ። ጥላ ውስጥ ላለ ሰው ወደ 4 ክፈቺው።

ፊልሙን ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ፤ ወደ ሻንጣ ግን በፍጹም አታስገቢ። የሻንጣ መፈተሻው ጨረር ያበላሸዋል። በእጅ የሚያዘውንም በአዲሶቹ የሲቲ ማሽኖች ማሳለፍ አደጋ አለው። በግልጽ ላስቲክ አድርገሽ “በእጅ ፈትሹልኝ” በያቸው። አሜሪካ ውስጥ ሲጠየቁ ያደርጉታል። ሌላ አገር እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ቀደም ብለሽ ደርሰሽ በትሕትና ጠይቂ። ካሜራው ውስጥ የገባ ፊልም ካለ ኤርፖርት ሳትደርሺ ጨርሺውና አውጪው።

ከሁሉም በፊት ግን የመጀመሪያው ፊልም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ይለቅ። ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ካሜራውን ግዢ። ፊልም ስትከቺ ቁጥሩን፣ 200 ወይም 400፣ በካሜራው ላይ አስተካክይ። ፊልሙን ስትገፊ በግራ በኩል ያለችው መጠቅለያ አብራ መዞሯን እይ፤ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም፣ ባዶ ነው የምታነሺው። ግማሹን በ50ው፣ ግማሹን በሄሊዮሱ አንሺ። ቤት ውስጥም፣ ውጭም፣ ልጅሽ ስትተኛም፣ ስትበላም ይሁን። ወዲያው አሳጥቢው። ጥቁር ጎን ወይም ነጠብጣብ ካየሽ ዋስትናው ሳያልቅ ለሻጩ መልሽው፤ ለሌላ ካሜራ ጊዜ ይኖርሻል። የማይገባሽ ነገር ካለ ፎቶውን ልከሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።